የድሮ ሴፕቲክ ታንክ እንዴት ነው የሚዘጋው? ከላዩ ሰርቪስ ቤት ልሠራ አስቤ ነበር (ደሴ)

የሆጤ_ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ደሴ ሆጤ አካባቢ የቤተሰብ ቤት አለን። አባቴ በደርግ ጊዜ ያሠራው ሴፕቲክ ታንክ ጓሮ ውስጥ አለ። ዘንድሮ ሽንት ቤቱንም ሻወሩንም ወደ አዲስ ሴፕቲክ አዛውረናል። አሮጌው ሥራ ፈቷል፣ ግን ሙሉ ነው።

ስፋቱ 3 በ2 ሜትር፣ ጥልቀቱ 2 ሜትር ከ20 ገደማ ነው። በድንጋይ የተገነባ፣ ከላይ ሶሌታ (የኮንክሪት ክዳን) ያለው። ከሱ ቀጥሎ፣ ወደ ታችኛው አጥር በኩል፣ ማስረጊያ ጉድጓድ አለ። ከአጥሩ በታች የጎረቤት ግቢ ነው። ቁልቁለት ነው፤ ደሴ አይደል።

እናቴ "ሶሌታው ደህና ነው፣ አፉን ድፈንና ተወው" ትላለች። የሰፈር ልጆች ደግሞ "በባልዲ አውጥተን በአፈር እንሞላልሃለን" ብለውኛል። የኔ ሐሳብ እዚያው ላይ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ሠርቶ ማከራየት ነው። የምታውቁ ምን ትላላችሁ?

እሙ_ሀያት፦
ሌላውን ባለሙያ ይመልስልሃል ወንድሜ። እኔ አንድ ነገር ብቻ፦ ልጆቹን እንዳታስገባ። ወላሂ እንዳታስገባ።

የሸዋበሩ፦
እናትህ ልክ ናት። ስንት ሰው ድፍኖ ትቶ ይኖራል። ለምን ገንዘብ ታወጣለህ?

አካባቢ_ጤና፦
እሙ ሀያት ያለችውን ላስፋው፤ ከሁሉም በፊት የሚመጣው እሱ ስለሆነ።

ሴፕቲክ ውስጥ ያለው ነገር ሲብላላ ጋዝ ይፈጥራል። ዋናዎቹ ሦስት ናቸው። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባለው የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው ነው። ከአየር ይከብዳል፣ ስለዚህ ታች ይተኛል። ሚቴን በእሳት የሚያያዝ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ የኦክስጅኑን ቦታ ይወስዳል።

ሰው የሚታለለው በጠረኑ ነው። "ካልሸተተ የለም" ይላል። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ በአየር ውስጥ ከሚሊዮን 100 እጅ አካባቢ ሲደርስ አፍንጫ ማሽተቱን ያቆማል። ሽታው ጠፋ ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም። እንዲያውም በዝቶ ሊሆን ይችላል። ከዚያ በብዙ ሲበልጥ ሰው በጥቂት ትንፋሽ ራሱን ይስታል።

ሌላው፣ ዝቃጩ ካልተነካ ጋዙ ውስጡ ታምቆ ይቀመጣል። በባልዲ ወይም በአካፋ ሲቆሰቆስ ነው በአንዴ የሚወጣው። ስለዚህ "ገብቼ አየሁት፣ ምንም የለውም" የሚለው ልጅ ሥራ ሲጀምር ነው የሚወድቀው። ከዚያ ጓደኛው ሊያወጣው ይገባል። እሱም ይወድቃል። ሦስተኛው ይከተላል። በየአገሩ የዚህ አደጋ ወሬ ተመሳሳይ ነው፤ አንድ ሰው አይሞትም፣ ተከታትለው ነው።

በባልዲ የሚባለውን ሐሳብ ከዚሁ እርሳው።

የሆጤ_ልጅ፦
አመሰግናለሁ እህቴ። ግን ክዳኑን ከፍተን ጥቂት ቀን ብናናፍሰውስ? ደግሞ ሻማ በገመድ አውርዶ፣ ካልጠፋ አየር አለ ይባላል።

አካባቢ_ጤና፦
ሻማው ሁለት ጊዜ ያታልልሃል። ለሰው የሚገድል ሃይድሮጅን ሰልፋይድ እያለ ሻማ በደንብ ይነድዳል። በሌላ በኩል ሚቴን ከአየሩ ከ5 እስከ 15 ከመቶ ከሆነ ሻማው ራሱ ያፈነዳዋል። ስለዚህ ሻማም፣ ክብሪትም፣ ሲጋራም አጠገቡ አይደርስም። ክዳኑ ተከፍቶ አጎንብሶ በስልክ መብራት ማየትም ጥሩ አይደለም። ፊትህን አፉ ላይ አትድፋ።

ማናፈስ መልካም ነው። ግን ለመግባት ፈቃድ አይሆንም። እንዲህ ዓይነት ቦታ በደንቡ የሚገባው በጋዝ መለኪያ፣ በመተንፈሻ መሣሪያ፣ በገመድ ታስሮ፣ ላይ የሚጠብቅ ሰው እያለ ነው። መደበኛው አየር ውስጥ ኦክስጅን 21 ከመቶ ገደማ ነው። ከ19.5 በታች ከሆነ አይገባም። እኛ ሰፈር ይህን ይዞ የሚመጣ ማን ነው? ስለዚህ ሥራው በሙሉ ከላይ ሆኖ እንዲያልቅ አድርገህ አቅድ። ይቻላልም።

የሸዋበሩ፦
እሺ መግባቱ ይቅር። እኔ የምለው ድፍኖ መተው ምን ችግር አለው ነው።

ሲቪል_ጦሳ፦
ችግሩ ሶሌታው ነው። ከላይ ሲታይ ደህና ይመስላል። ከታች ግን ሌላ ታሪክ ነው። ያው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ቢከብድም ከፊሉ ወደ ላይ ወጥቶ እርጥብ ኮንክሪት ላይ ሲያርፍ ባክቴሪያ ወደ ሰልፈሪክ አሲድ ይቀይረዋል። አሲዱ ሲሚንቶውን ይበላል። ከዚያ ፌሮው ይጋለጣል፣ ይዝጋል፣ ያብጣል፣ ኮንክሪቱን ቅርፊት ቅርፊቱን ያወርደዋል። ይህ ሁሉ ከሥር ነው። ከላይ እናቶች በርበሬ ያሰጡበታል።

በደርግ ጊዜ የተሠራ ማለት በትንሹ ከ30 ዓመት በላይ ነው። አንድ ቀን የውሃ ሮቶ ይቀመጥበታል ወይም ልጅ ይዘልበታል። ድፍኖ መተው ማለት ባዶ ጉድጓድ ላይ የማታውቀው ቀን ድረስ መጠበቅ ነው። ቤቱ ቢሸጥ ደግሞ ገዢው እዚያ ምን እንዳለ በምን ያውቃል?

ግንበኛው፦
ልጄ፣ እኔ በዚህ ሥራ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ነገሩን አታካብዱበት። ቦቴ ይመጣል፣ ይመጥጣል። ሶሌታው ይሰበራል። ድንጋይና ገረጋንቲ ይሞላል። አለቀ። ደሴ ውስጥ እንዲህ ያልተዘጋ የለም።

ሶሌታውን ስትሰብር ግን እላዩ ቆመህ አትምታ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ወፍራም ሞራሌ ወይም አጣና ከግንቡ አሳልፈህ፣ ከወዲያና ከወዲህ ጤነኛ መሬት ላይ አስደግፍ። ሠራተኛው እዚያ ላይ ይቁም፣ ወገቡ ላይ ገመድ ይሰር፣ ገመዱ ከዛፍ ወይም ከጠንካራ ምሰሶ ይታሰር። ከአንድ ጥግ ጀምሮ ወደ ኋላው እየሸሸ ይስበር። ኤስካቫተር መግባት ከቻለ ደግሞ ይህ ሁሉ የለም፤ በአንድ ባልዲ ይጨርሰዋል። የሆጤን ቅያስ ግን አውቀዋለሁ፣ ባጃጅም በጭንቅ ነው የሚገባው።

የሆጤ_ልጅ፦
ልክ ነዎት ጋሼ። ኤስካቫተር አይገባም። መጣጭ መኪናውም ዋናው መንገድ ላይ ነው የሚቆመው።

ሳኒተሪ_ኮምቦልቻ፦
እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ለደሴ ሰው በተለይ።

መጣጭ መኪናው በቫኪዩም ነው የሚስበው። ፍሳሹን ወደ ላይ የሚገፋው የውጭው አየር ግፊት ነው። ባሕር ጠረፍ ላይ ውሃን እስከ 10 ሜትር ገደማ ከፍ ያደርጋል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት። አየሩ ስስ ነው። እዚያ በወረቀት ላይ እንኳ ወደ 7 ሜትር ተኩል ነው የሚደርሰው። በተግባር፣ የቱቦው ርዝመትና የዝቃጩ ውፍረት ሲጨመር፣ ከዚያ በብዙ ያንሳል። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ስለሆነች ትንሽ ይሻለናል።

ስለዚህ መንገዱ ከግቢህ በላይ ነው ወይስ በታች? በላይ ከሆነ፣ ከታንኩ ወለል እስከ መኪናው ያለውን ከፍታ አስቀድመህ ለሹፌሩ ንገረው። ከተቻለ በታችኛው መንገድ ይምጣ። ብዙ ጊዜ መኪናው መጥቶ ውሃውን ብቻ ስቦ "አለቀ" ብሎ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው። ወፍራሙ ታች ይቀራል።

የሆጤ_ልጅ፦
ላይኛው መንገድ ነው በብዛት የሚጠቀሙት። በታች በኩል ግን በጎረቤት ግቢ ቱቦ ማሳለፍ ይቻላል፤ እትዬ እምቢ አይሉም።

ሳኒተሪ_ኮምቦልቻ፦
አብሽር፣ እንደሱ ከሆነ ጥሩ ነው። ጎረቤትህን አስፈቅድ፣ ግቢያቸው ላይ ቢፈስስ የሚያጥብ ሰው አዘጋጅ።

ሥራው ሁለት ዙር ይሁን። መጀመሪያ ውሃውን ይሳብ። ከዚያ ታች የቀረውን ወፍራም ዝቃጭ ከላይ በጎማ ውሃ እየመታህ አቅጥነው። ረጅም እንጨት ይዘህ ከላይ አማስለው፤ ስታማስል ጋዝ ይወጣልና ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ቁም። ከዚያ ድጋሚ ይሳብ። ታንኩ ሁለት ክፍል ከሆነ፣ መሐሉ ግድግዳ አለው፤ አንዱን ስቦ ሌላውን እንዳይረሳ። የድሮዎቹ ላይ ሁለተኛው ክፍል ለብቻው አፍ አለው፣ አንዳንዴ አፈር ውስጥ ተቀብሮ ነው የሚገኘው።

ቦርከና_ማዶ፦
ወንድሞቼ፣ እኔ ከኮምቦልቻ ነኝ። አንድ ትንሽ ጥያቄ ብቻ። ያ የተመጠጠው ወዴት ነው የሚደፋው? የቦርከና ወንዝ ከእናንተ ነው ተነስቶ ወደ እኛ የሚወርደው። ጨዋ ጎረቤት ጠላ ነው የሚልከው።

አካባቢ_ጤና፦
ቦርከና ማዶ በቀልድ ያልከው ቁም ነገር ነው። የሆጤ ልጅ፣ ክፍያ ከመስማማትህ በፊት ሹፌሩን የት እንደሚደፋ ጠይቀው። ማዘጋጃ ቤት ያዘዘው ቦታ ካልሆነ ሌላ መኪና ፈልግ። ከሌሊት የሚመጣና ዋጋ የሚቀንስ ካለ ደግሞ ምክንያቱን አስብ።

የወስፋት እንቁላል አፈር ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ወንዙ ከኮምቦልቻ አልፎ ወደ ጨፋ ነው የሚሄደው። ከብት የሚሰማራበት፣ ሰው የሚያርስበት ሜዳ ነው። "ለማዳበሪያ ጓሮ ላይ ልድፋው" የሚልም ይኖራል። ለጎመንና ለሰላጣ መሬት ፈጽሞ አይሆንም።

የሸዋበሩ፦
ነጭ ጋዝ ማፍሰስስ? በረሮውን ይጨርሰዋል። እኛ ሰፈር እንደዛ ነው የሚያደርጉት።

ሳኒተሪ_ኮምቦልቻ፦
ሚቴን ያለበት ጉድጓድ ላይ ነጭ ጋዝ? አንተ ሰው ጤና ነህ?

አካባቢ_ጤና፦
የባትሪ አሲድም እንዳታስቡ። ይህንን የምለው ሰው ስለሚያደርገው ነው። አሲድ ዝቃጩ ላይ ሲፈስስ ሃይድሮጅን ሰልፋይዱን በአንዴ ነው የሚለቀው።

የሚጠቅመው ኖራ ነው። ታንኩ ከተመጠጠ በኋላ ወለሉና ግድግዳው ላይ ከላይ ሆኖ መበተን። ሽታውን ያጠፋል፣ ጀርሙን ይገድላል። የታሸገውን፣ የተቃጠለና በውሃ የበረደውን ኖራ ተጠቀም። ያልበረደው ኖራ ውሃ ሲነካው ይፈላል፣ ዓይን ያጠፋል። መነጽርና ጓንት አድርግ። በነፋስ ቀን አይበተንም። በረሮው መኖሪያው ሲሞላ ራሱ ይሄዳል። መጀመሪያ ወደ ቤት ሊመጣ ይችላል፣ እሱን ቻለው።

ሲቪል_ጦሳ፦
አሁን ወደ መሙላቱ እንምጣ። ከጋሼ ግንበኛው ጋር እዚህ ላይ ትንሽ እንለያያለን።

ወለሉ መበሳት አለበት። የታንክ ወለል ኮንክሪት ነው፣ ግድግዳው በሲሚንቶ የተለሰነ ነው። ውሃ እንዲይዝ ነው የተሠራው። እንዳለ ሞልተኸው ብትተው፣ የክረምት ዝናብ ከላይ ይገባል፣ መውጫ የለውም። የሞላኸው ነገር ውሃ ውስጥ ተቀምጦ እንደ ቀጠነ ሊጥ ይሆናል። ከላይ የሠራኸው ይሰምጣል። ስለዚህ ወለሉ ብዙ ቦታ ይሰበራል፣ ወይም የግድግዳው ታችኛ ክፍል።

ግንበኛው፦
ኢንጂነር፣ መጽሐፉ እንደሱ ይላል፣ አውቃለሁ። ግን መሬቱን አየኸው? ልጁ ከታች የጎረቤት ግቢ አለ ብሏል። የጦሳ ተራራ ሥር መሬት እንደሆነ ክረምት ሲገባ የሚንሸራተት ነው። ወለሉን ብስተህ ውሃውን ወደ ታች ስትለቀው የጎረቤትን ግንብ ማን ይይዝልሃል? እኔ ወለሉን አልበሳም፤ ከላይ ውሃ እንዳይገባ ነው የምዘጋው።

ሲቪል_ጦሳ፦
ጋሼ፣ ጥያቄው ትክክል ነው። የደሴ ዳገቶች ላይ መሬት መንሸራተት የታወቀ ነው፣ ውሃ ደግሞ ዋናው ቀስቃሽ ነው። እኔም ያለምንም ጥንቃቄ ይበሳ አላልኩም።

ግን እስቲ እናስበው። ታንኩ ሥራ ላይ እያለ በየቀኑ የቤቱ ፍሳሽ በሙሉ በማስረጊያው በኩል ወደዚያው ቁልቁለት ይገባ ነበር። አሁን ያ ቆሟል። ወለሉ ቢበሳ የሚወርደው ከላይ የሰረገ ዝናብ ብቻ ነው። እሱንም ከላይ ከዘጋኸው ጥቂት ነው። ወለሉ ካልተበሳ ግን 13 ሜትር ኩብ የሚሆን ውሃ የጠጣ አፈር ከጎረቤት ግንብ በላይ ተቀምጦ ይቀራል። አሮጌ ግድግዳ አንድ ቀን ሲሰነጠቅ ያ ውሃ በአንድ ጎን ይወጣል። የትኛው ይሻላል?

ሁለቱንም ማድረግ ነው ያለብን። ወለሉ ይበሳ፣ ከላይም ይዘጋ። ከጎረቤት ድጋፍ ግንብ ጋር ያለው ርቀት ከታንኩ ጥልቀት ካነሰ ግን ባለሙያ ሳያየው አይነካ። የሆጤ ልጅ፣ ስንት ሜትር ነው?

የሆጤ_ልጅ፦
ታንኩ ከአጥሩ 5 ሜትር ይርቃል። ማስረጊያው ግን 2 ሜትር አይሞላም፣ እዚያው አጥሩ ሥር ነው። የጎረቤት ግንብ ላይ ክረምት ክረምት እርጥበት ይታይ ነበር።

ሲቪል_ጦሳ፦
ታንኩ ደህና ነው። ማስረጊያው ግን ከታንኩ የበለጠ ያሳስበኛል። ስለሱ ማንም አላነሳም። ሰው ታንኩን ዘግቶ ማስረጊያውን ይረሳዋል። ውስጡ ደረቅ ድንጋይ ነው የተገነባው፣ ሲሚንቶ የለውም። ባዶ ከሆነ ግድግዳው ወደ ውስጥ ይናዳል። አንተ ጋ ደግሞ አጥሩ ይከተለዋል።

እሱንም አስመጥጠው፤ ሙሉ ለሙሉ ባዶ ሆኖ እንዲያድር ግን አታድርግ። በዚያው ቀን መሙላት ጀምር። ድንጋዩን አታውጣ። ጠጠርና ገረጋንቲ እየጨመርክ ሙላው። ግንቡ ላይ እርጥበት ስላለ የጎረቤት ግንብ ውሃ መውጫ ቀዳዳ እንዳለውና እንዳልተደፈነ እይ። ብዙ ጊዜ ልስን ሲለስኑት ይደፍኑታል።

ግንበኛው፦
እሺ፣ ይበሳ። ሰው ሳይገባ ግን እንዴት እንደምትበሱት ልንገራችሁ። ድጅኖውን ረጅም የብረት ቱቦ ላይ አስበይድ። ሶሌታው በሙሉ ከተነሳ በኋላ ሞራሌው ላይ ቆመህ ከላይ ትወጋዋለህ። የድሮ ወለል ድንጋይ ንጣፍ ላይ ስስ ኮንክሪት ነው፤ ጥቂት ቦታ ከተነቀለ ሌላው ይላላል። ድካም አለው። ግን ይሠራል።

የሆጤ_ልጅ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። በምን ልሙላው? አዲሱን ሴፕቲክ ስንቆፍር የወጣ አፈር ክምር አለኝ። ጥቁር ነው።

ሲቪል_ጦሳ፦
ዋልካ ነው። አይሆንም። ዋልካ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። የሚሆነው ገረጋንቲ፣ አሸዋ፣ ጠጠር፣ የደቀቀ ድንጋይ ነው። የሰበርከውን ሶሌታ ራሱን መክተት ትችላለህ። ግን ይድቀቅ። ትልቅ ትልቁን ብትጥለው ከሥሩ ባዶ ቦታ ይቀራል፣ በኋላ አፈሩ ወደዚያ ይወርዳል። ፌሮውን ቆርጠህ አውጣ፣ ለቁራሌው ይሆናል።

የማይገባው፦ የቤት ቆሻሻ፣ እንጨት፣ ጭድ ያለው የጭቃ ቤት ፍርስራሽ፣ ላስቲክ። የሚበሰብስ ሁሉ በኋላ ቦታ ይለቃል።

በአንዴ አትገልብጠው። 20 ወይም 30 ሳንቲ ሙላ፣ ውሃ አርከፍክፍ፣ ጠቅጥቅ፣ ቀጥል። ታችኛውን ከላይ ሆነህ በረጅም መጠቅጠቂያ፤ ሰው የሚወርደው ሙሌቱ ከፍ ብሎ የቀረው ጥልቀት ከወገብ በታች ሲሆን ነው። የታንክህ መጠን ወደ 13 ሜትር ኩብ ነው። ሙሌት ሲጠቀጠቅ ስለሚቀንስ ከሩብ ያላነሰ ጨምረህ ቁጠር። ከሶሌታው ፍርስራሽ ጋር ለታንኩ አንድ የሲኖ ቢያጆ ይበቃዋል ማለት ይቻላል፣ ማስረጊያው ለብቻው ነው። ሲኖው ግን ሆጤ አይገባም። ዋናው መንገድ ላይ ገልብጦ በጋሪ ነው የምታስገባው። የጉልበቱ ሒሳብ ከገረጋንቲው እንዳይበልጥ አስብበት።

ላዩ ላይ ቀይ አፈር ደህና አድርገህ ጠቅጥቅ። ከመሬቱ ትንሽ ከፍ፣ ጎበጥ ይበል። ይወርዳልና። የጣራ አሸንዳ ወደዚያ እንዳይወርድ።

እሙ_ሀያት፦
እስኪሞላ ድረስ ማታ ማታ ምን ይደረጋል? ልጆች አሉ፣ በግ አለ። ጣውላ ጣል አድርጎ መተኛት አይሆንም።

ግንበኛው፦
እውነትሽን ነው እታለም። ዙሪያውን በቆርቆሮ ይታጠር። ጣውላ ብቻ ከሆነ ሰው አምኖ ይረግጠዋል፣ ያ ይብሳል።

ሳኒተሪ_ኮምቦልቻ፦
ቱቦዎቹን አትርሱ። ታንኩ ከመሞላቱ በፊት የሚገባውም የሚወጣውም ይቆረጥ። ከታንኩ ግድግዳ ውጭ ቆፍረህ ቁረጠውና በታፖ ዝጋው። የአየር መውጫውም ይነሳ።

"ሁሉንም አዛውረናል" ማለት ብቻ አይበቃም። የድሮ ቤት ላይ ሁልጊዜ አንድ የተረሳ መስመር አለ። የኩሽና ማጠቢያ፣ የልብስ ማጠቢያ ገንዳ፣ ወይም የጣራ ውሃ። በየማፍሰሻው ቀለም የገባበት ውሃ ልቀቅና አሮጌው ታንክ አፍ ጋ ጠብቅ። ቀለም ከመጣ አልጨረስክም። ሞልተኸው ካለቀ በኋላ ብታውቀው ቆሻሻው መሄጃ አጥቶ ወደ ቤት ነው የሚመለሰው።

የሆጤ_ልጅ፦
ዛሬ ቀለም ሞከርኩ። የእናቴ ኩሽና ማጠቢያ እዚያው ነው የሚገባው! አዲሱን ሴፕቲክ የሠራልን ሰውዬ አዛውሬዋለሁ ብሎን ነበር።

ቦርከና_ማዶ፦
ሂሳቡን ግን አዛውሯል።

የሆጤ_ልጅ፦
አሁን የሰርቪስ ቤቱን ጉዳይ ንገሩኝ። በደንብ ከሞላሁት ላዩ ላይ መሥራት ይቻላል?

ግንበኛው፦
ሁለት ክፍል ቆርቆሮ ጣራ ቀላል ነው። አንድ ክረምት ይረፍ፣ ከዚያ ሥራ።

ሲቪል_ጦሳ፦
እኔ እዚህ ላይ አልስማማም፣ ጋሼን ይቅርታ እየጠየቅኩ። ችግሩ ክብደቱ ብቻ አይደለም። የቤቱ ግማሽ በሙሌት ላይ፣ ግማሹ በጠንካራው መሬት ላይ ሲያርፍ ነው። ሁለቱ እኩል አይወርዱም። ግድግዳው መሐል ለመሐል ይሰነጠቃል። ደግሞም የታንኩ ግንብ ጠርዝ ሥር ሆኖ እንደ ስለት ይቀራል።

መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ታንኩን ከነግድግዳው ነቅሎ አውጥቶ፣ ሙሌቱን በማሽን ጠቅጥቆ መሥራት። ሆጤ ማሽን አይገባም ብለሃል። ሁለተኛ፣ መሠረቱን ከታንኩ ውጭ፣ ያልተነካ መሬት ላይ አውርዶ፣ ኮለኖቹን በቢም አገናኝቶ ታንኩን መዝለል። ቤቱ ሙሌቱን አይነካውም። ግን ቢሙን ማስላት ያስፈልጋል፣ የዕቃው ወጪም አለ። አካባቢያችን የአፋር ስምጥ ሸለቆ ጠርዝ መሆኑን፣ መሬት መንቀጥቀጥም እንደማያጣው አትርሳ።

እኔ ብሆን ሰርቪሱን ሌላ ጥግ አሠራለሁ። ታንኩ ያለበትን ለልብስ ማስጫ እተወዋለሁ። ለማንኛውም ፈቃድ ስትጠይቅ የታንኩን ቦታ ፕላኑ ላይ አስገባ። ርቀቱን ከቤቱ ሁለት ማዕዘን ለክተህ ጻፍ፣ ፎቶ አንሳ፣ ከካርታው ጋር አስቀምጥ።

የሸዋበሩ፦
ታጥቦ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያስ አይሆንም? ውሃ በፈረቃ ነው የምናገኘው።

አካባቢ_ጤና፦
ለመጠጥ፣ ለምግብ፣ ለገላ በፍጹም። ድንጋይና ልስን ቀዳዳው ብዙ ነው፣ ታጥቦ አይጠራም። ለአትክልት ብቻ ቢባል እንኳ ለማጠብና ለመለሰን ሰው ይገባል። ወደ ጀመርንበት አደጋ ተመለስን ማለት ነው። ደግሞ ውሃ ሲጠፋ ማን ለየ? አንድ ቀን ልጅ በጆክ ይቀዳበታል። ሮቶ ግዙ።

የሆጤ_ልጅ፦
ተስማምቻለሁ። እናቴንም አሳምኛለሁ፤ የሶሌታው ጉዳይ ነው ያስደነገጣት። ሰርቪሱ ወደ በሩ በኩል ይሆናል፣ አንድ ክፍል ብቻ። መጣጩ በእትዬ ግቢ በኩል ይገባል። ለመሙላቱ መቼ ቢሆን ይሻላል? አሁን ጥቅምት ነው።

ግንበኛው፦
አሁኑኑ ነው። ክረምቱ አልፏል፣ መሬቱ እየደረቀ፣ የከርሰ ምድሩ ውሃም እየወረደ ነው። በልግ ሳይመጣ ጨርስ። ክረምቱ ላይ የወረደውን አይተህ መስከረም ላይ አፈር ትጨምርበታለህ።

ቦርከና_ማዶ፦
እዚሁ ላይ የኔንም ልጠይቅ። ኮምቦልቻ፣ ቦርከና አጠገብ ግቢ አለኝ። የተቀበረው የፕላስቲክ ታንክ ነው፣ ግንብ አይደለም። እሱም በበጋ ተመጥጦ ይሞላል?

ሳኒተሪ_ኮምቦልቻ፦
ፕላስቲኩ ይለያል። ወንዝ አጠገብ ከሆንክ ውሃው ቅርብ ነው። ባዶ ፕላስቲክ በክረምት ከሥሩ ውሃ ሲገፋው መሬቱን ሰንጥቆ ይንሳፈፋል። ስለዚህ መጥጦ ባዶውን ማቆየት የለም። ኮምቦልቻ ሜዳ ስለሆነ ኤስካቫተር ይገባልሃል፤ አስመጥጠህ በዚያው ቀን ነቅለህ አውጣው። የወጣውን ለውሃ መያዣ እንዳትሸጠው፤ ቁረጠው። ጉድጓዱን በገረጋንቲ ሙላ። መንቀል ካልቻልክ ሥሩን በሳስተህ፣ ላዩን ቆርጠህ፣ አሸዋ ውስጡ ሙላበት። በስልክ ፎቶ ላክልኝ፣ የቱ እንደሚሻል አይቼ እነግርሃለሁ።